«እኔ ሰው የለኝም»፦ የሥራ ትውውቅ ክበብ በ2017 ዓ.ም.

ጥቅምት ላይ ክበባችን ሲጀመር ለልጆቹ አንድ የቤት ሥራ ሰጠሁ። በደብተራችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ የምታውቋቸውን 20 አዋቂ ሰዎች ከነሥራቸው ጻፉ አልኳቸው። አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ ገጹን ባዶውን አመጣችው። «ቲቸር፣ እኔ ሰው የለኝም» አለችኝ።

ነገሩ ለማናችንም አዲስ አይደለም። ሥራ ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ሰው አለህ?» ነው። ክበቡን ያቋቋምነውም ለዚህ ነው።

«ልጆቹን ዘመድ ፍለጋ ልታስተምራቸው ነው?» ያሉኝ ባልደረቦች አሉ። በዘመድ መቀጠር ሳይችሉ በሰው ጀርባ መግባት ነው። እኛ የምናስተምረው ሰውን ስለ ሥራው መጠየቅን፣ የሚችሉትን ማሳየትን፣ ቀጠሮ ማክበርንና ማመስገንን ነው። ዘመድ ያለው ልጅ ያለ ክበቡም ይገባል። የሌለውስ? በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶው ብቻ ነበሩ። የቀሩት ልጆችም መንገድ ይፈልጋሉ።

በሁለተኛው ስብሰባ ስለ ማርክ ግራኖቬተር አወራኋቸው። ይህ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ ቦስተን አጠገብ በቅርቡ ሥራ የቀየሩ ሰዎችን ጠይቆ፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1973 አሳተመ። በሚያውቁት ሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል ያንን ሰው አዘውትረው የሚያገኙት ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሌሎቹን የጠቆማቸው አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያገኙት ሰው ነው። የቅርብ ጓደኛህ የሰማውን አንተም ሰምተኸዋል። አዲስ ወሬ የሚመጣው ራቅ ካለው ሰው ነው።

ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞርኩ።

«አባትሽ ምን ይሠራሉ?»

«ዘበኛ ነው።»

«የት?»

«ቢሮዎች ያሉበት ሕንፃ።»

«ታዲያ በዚያ በር በቀን ስንት ሰው ይገባል?»

ዝም አለች። ቅዳሜ ከአባቷ ጋር ቁጭ ብላ ስትጽፍ ዋለች። ሰኞ 14 ስም ይዛ መጣች። አካውንታንት፣ አርክቴክት፣ መሬት የምትለካ ሰርቬየር፣ ሊፍት የሚጠግን ሰው። አባቷ የማን ልጅ መቼ እንደታመመ ሳይቀር ያውቃሉ። ሰርቬየሯን አነጋግረው ጉብኝት የለመኑልንም እሳቸው ናቸው።

የካቲት ላይ 23 ልጆች በሁለት ሚኒባስ ሄድን። አባቷ የደንብ ልብሳቸውን ተኩሰው፣ ጫማቸውን ወልውለው በሩ ላይ ጠበቁን። «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ልጆቼ» ብለው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ሰርቬየሯ ቶታል ስቴሽን የሚባለውን ርቀትና ማዕዘን መለኪያ መሣሪያዋን ግቢው ውስጥ ተክላ ልጆቹን በየተራ አሳየቻቸው። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቀው ልጅ የተለማመድናቸውን ሦስት ጥያቄዎች ጠየቀች። እዚህ ሥራ እንዴት ገቡ? ከትምህርት ቤት የቱ ጠቀመዎት? ዛሬ በእኔ ዕድሜ ቢሆኑ ምን ይማሩ ነበር? ለሁለተኛው የተሰጠው መልስ «ትሪጎኖሜትሪ» ነበር። የሂሳብ መምህራችን ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል።

ስንወጣ ሰርቬየሯ ዘበኛውን ጨብጣ «ጋሼ፣ እንዲህ ያለች ልጅ እንዳለችዎት እኮ ነግረውኝ አያውቁም» አለቻቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔም ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር። ታክሲ ውስጥ ልጅቷ ደብተሯን አውጥታ ከላይ የነበረውን «የማውቃቸው ሰዎች» የሚል ርዕስ ሰረዘችና «ሰዎቼ» ብላ ጻፈች። ማታ በቴሌግራም የምስጋና መልእክት ላከች። አሁን በክረምቱ ለሁለት ሳምንት ሥራውን እየተከታተለች እንድታይ ተጋብዛለች።

የቀረውን ባጭሩ ልጻፍ። በየ15 ቀኑ ሐሙስ ሐሙስ ተሰብስበናል። ሲቪ መጻፍና በስልክ ራስን ማስተዋወቅ ተለማምደናል። 16 ዓመት የሞላቸው ሊንክድኢን ላይ ገጽ ከፍተዋል። የቴሌግራም የሥራ ቻናሎችን ማንበብ፣ ሳይቀጥር አስቀድሞ ገንዘብ ከሚጠይቅ «ቀጣሪ» መራቅም ተምረናል።

ያልተሳካም አለ። ሁለት እንግዶች ቃል ገብተው ቀሩ፤ ልጆቹ አዳራሽ ውስጥ ሲጠብቁ ውለው ተመለሱ። ከ31 አባላት 8ቱ አቋርጠዋል። ሊንክድኢን የከፈትነው በእኔ ስልክና በእኔ ዳታ፣ አንድ በአንድ ነው። የታክሲውን ሒሳብ ከሁለት መምህራን ጋር አዋጥተን ከፈልን። የእግር ኳስ ቡድናችን ዘንድሮ አዲስ ማሊያ አግኝቷል፤ ይገባቸዋል። ለእነዚህ ልጆች ግን የማርከር እንኳ በጀት አልተያዘም።

የወላጅ መምህር ኅብረትን (ወመህን) የምንጠይቀው ለ2018 የሁለት ጉብኝት ትራንስፖርትና አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ከወላጆችና ከቀድሞ ተማሪዎቻችን ደግሞ ስማችሁንና ሥራችሁን ብቻ እንፈልጋለን። ቅጹ መዝገብ ቤት አለ። ዘበኛ፣ ሹፌር፣ ጽዳት ሠራተኛ፣ ሻይ ቤት ያላችሁ ወላጆች በተለይ እንድትሞሉልን እለምናለሁ።