ሳማው ትዝ ይልሻል?

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የደሴ ጉም እንደምታውቂው ነው፤ የጦሳን ተራራ ካየሁት ሦስት ቀኔ።

ትናንት ስለ አክቲን፣ ሕዋስ ውስጥ ስላለው የፕሮቲን ክር፣ አንስተሽ «የደም ሥር ሕዋሳትን መጋጠሚያ ያጠብቃል ወይስ ይከፍታል? መጽሐፉ ሁለቱንም ይላል» ስትዪኝ ኔትወርኩ ተቋረጠ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለኔ ተመቸኝ። መልሱ ወዲያው አልመጣልኝም ነበር። ሌሊት ሳብሰለስለው ያ ሳማ ትዝ አለኝ።

ሁለተኛ ክፍል ሆነሽ ጦሳ ስንወጣ ክንድሽን ሳማ ለበለበሽ። ቀላ፣ ከዚያ አበጠ። «መርዙ ነው ያሳበጠሽ» አልኩሽ። የባዮሎጂ አስተማሪ ተሁኖ! ክንድሽን የሞላው እኮ ከገዛ ደምሽ የፈሰሰ ውሃ ነው።

የደም ሥርን ከውስጥ የሚሸፍኑት ሕዋሳት አንድ ረድፍ ብቻ ናቸው። ቪኢ-ካድሄሪን የሚባል ፕሮቲን ከአንዱ ሕዋስ ወጥቶ የጎረቤቱን ካድሄሪን ይይዛል። ለመያዝ ካልሲየም ይፈልጋል። በውስጥ በኩል ደግሞ ካቴኒን በሚባሉ አገናኝ ፕሮቲኖች በኩል ከአክቲን ክር ጋር ታስሯል። ክሩ 7 ናኖሜትር ገደማ ይወፍራል፤ የሕዋሱ አጽም አንዱ ክፍል ነው። «አጽም» የሚለውን ስም ግን አልወደውም፤ ያሳስታል። ይሄ በደቂቃዎች ውስጥ ፈርሶ እንደገና የሚሠራ ነገር ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። መጽሐፉ አልተሳሳተም። ወሳኙ ክሩ የት እንደተዘረጋና ማን እንደሚጎትተው ነው። ሕዋሱ ሲረጋ አክቲን ጠርዙን ተከትሎ ዙሪያውን እንደ መቀነት ይታጠቃል። ያኔ መጋጠሚያው ይጠብቃል፤ ራክ1 የሚባለው ፕሮቲንም ያግዘዋል። ሂስታሚን፣ በአለርጂ ጊዜ ሰውነት የሚለቀው ኬሚካል፣ ሲመጣስ? የሳማው ጸጉር ውስጥም አለ። ሕዋሱ ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል፣ ሮኤ የሚባለው ፕሮቲን ይነቃል፣ ማዮሲን የሚባለው ጎታች ፕሮቲን የአክቲን ክሮቹን መሳብ ይጀምራል። ክሮቹ ሕዋሱን አቋርጠው ይወጠራሉ። ጉተታው ሄዶ የሚያርፈው ካድሄሪኑ ላይ ነው። ጎረቤታሞቹ ይላቀቃሉ፣ በክፍተቱ ፕላዝማ፣ ማለትም የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ይወጣል። ያው አክቲን ነው እንግዲህ፤ ቅድም ሲያስር የነበረው።

ክፍተቶቹን በ1961 እ.ኤ.አ. ማይኖ እና ፓላዴ የተባሉ ተመራማሪዎች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አሳይተዋል፣ በአይጥ ላይ። የሚገርመው፣ ሂስታሚን የከፈተው ካፒላሪዎቹን፣ እነዚያን በጣም ቀጫጭን የደም ሥሮች፣ አልነበረም፤ ከነሱ ቀጥለው ደሙን የሚመልሱትን ትንንሽ ደም መላሾች፣ ቬኑሎችን ነው። ፈተና ላይ ይህን የሚስቱ ብዙ ናቸው።

እብጠትሽም ቆይቶ ጎደለ፤ ክፍተቱ ተመልሶ ይዘጋል። ለከባድ አለርጂ አድሬናሊን የሚወጉት ደም ሥር ለማጥበብ ብቻ እንዳይመስልሽ። ሕዋሱ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባለውን መልእክተኛ ሞለኪውል ከፍ ያደርጋል፤ ይሄ ደግሞ አክቲን ወደ ጠርዙ እንዲመለስ ያግዛል።

አሁን ተራው ያንቺ ነው። ማይክሮቲዩብሎች፣ ሌላው የሕዋሱ አጽም ክፍል የሆኑት ቱቦዎች፣ ሲፈርሱም የደም ሥሩ ግድግዳ ያፈሳል። ለምን? ፍንጭ ልስጥሽ፦ ሲፈርሱ የሚለቁት ነገር አለ፣ መጨረሻው ሮኤ ጋ ነው። መንገዱን አንቺ ጻፊልኝ።

እናትሽ በሶ በአውቶብስ ልካልሻለች። ነገ በጠዋት መናኸሪያ ውረጂ።

አባትሽ