ውሃው በ91 ዲግሪ ፈላ

ደብረ ብርሃን
ጥር 2018 ዓ.ም.

ለ9ኛ እና ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ስለሚጀመረው ሳምንታዊ የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ

ውድ ወላጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ወር በአንድ የ9ኛ ክፍል የሳይንስ ትምህርት ላይ ያየሁት ነገር ነው። ተማሪዎቹ በስድስት ቡድን ተከፍለው ውሃ ያፈላሉ። ሥራው ቀላል ነበር፤ ቴርሞሜትሩን በየደቂቃው እያነበቡ መመዝገብ፣ ውሃው ሲፈላም ቁጥሩ ስንት ላይ እንደቆመ መጻፍ። በስድስቱም የመስታወት ዕቃ (ቢከር) ውስጥ ውሃው ተንተከተከ። ቴርሞሜትሮቹም 91 አካባቢ ደርሰው ቆሙ። አምስቱ ቡድኖች ግን በወረቀታቸው ላይ የጻፉት 100 ነበር።

አንዷን ተማሪ ጠጋ ብዬ ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። «ቴርሞሜትሩ ሳይበላሽ አይቀርም፤ መጽሐፉ የሚለው 100 ነው» አለችኝ። ይህች ልጅ ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ ናት። ልታታልለኝ አልፈለገችም። ዓይኗ ያየውና መጽሐፉ ያለው ሲለያዩባት የተሳሳተው ያየችው ነው ብላ ደመደመች። እንዲህ እንድታስብ ያስተማርናት እኛ ነን፤ ያን ቀን ወደ ቢሮዬ የተመለስኩት አዝኜ ነው።

ቴርሞሜትሩ ትክክል ነበር። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶውን ያህል ብቻ ነው። ውሃውን ከላይ የሚጫነው አየር ሲቀንስ ውሃው ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ያን ያህል ሙቀት አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ቀድሞ ይፈላል። ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ ብታፈሉት ወደ 96 ይጠጋል። ባቄላና ሽምብራ በደጋ ለመብሰል ለምን ብዙ ሰዓት እንደሚፈጁ እናቶች ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ፤ ውሃው ቢፈላም እንደ ቆላው ውሃ አይሞቅም። 100 የሚለው ቁጥር እውነት የሚሆነው በባሕር ጠለል ላይ ነው፤ መጽሐፉም ይህን ጽፎታል፤ ነገር ግን ማንም ያንን ግማሽ ዓረፍተ ነገር አላነበበውም፤ ፈተና ላይ አይመጣማ።

ስለዚህ ከመምህራኑ ጋር ተመካክረን ከየካቲት ጀምሮ እያንዳንዱ የ9ኛ እና የ10ኛ ክፍል ተማሪ በሳምንት ሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ በእጁ እየሠራ እንዲማር ወስነናል።

ውሳኔው ሲሰማ ከአንዳንዶቻችሁ የደረሰኝ ጥያቄ ግልጽ ነው። ልጄ የሚፈተነው በምርጫ ጥያቄ ነው፤ በቤተ ሙከራ የሚያጠፋውን ጊዜ ለምን ያለፉ ዓመታትን ፈተናዎች አይሠራበትም? ጥያቄው ከጭንቀት የመጣ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም እጨነቃለሁ። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ አራት እንኳ አልሞሉም። ቤተ ሙከራ ይህን በአንድ ዓመት ይለውጠዋል ብዬ ቃል አልገባላችሁም። በክፍል ውስጥ ያየሁትን ግን ልንገራችሁ። የፔንዱለምን፣ ማለትም በገመድ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ዕቃን፣ ቀመር በቃላቸው የሚወጡ ልጆች «ድንጋዩ ቢከብድ ውዝዋዜው ይፈጥናል ወይስ ይዘገያል?» ተብለው ሲጠየቁ ግማሾቹ ይፈጥናል፣ ግማሾቹ ይዘገያል አሉ። ከዚያ አንድ ሜትር ገመድ፣ ድንጋይና ሰዓት ሰጠናቸው። አሥር ጊዜ ለመወዛወዝ 20 ሰከንድ ያህል ፈጀ። ድንጋዩን በእጥፍ በሚከብድ ቀየሩት፤ አሁንም 20 ሰከንድ። ገመዱን ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ሲያሳጥሩት ግን 10 ሰከንድ ሆነ። በቀመሩ ውስጥ ክብደት የሌለው ለምን እንደሆነ፣ ርዝመቱ ከካሬ ሥር በታች የተጻፈው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባቸው። ለዚህ ያወጣነው ገንዘብ የለም።

በሀገራችን የሳይንስ ታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ የሚደንቀኝን አንድ ነገር ላንሣ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ የቢልሃርዚያን ነገር ሲያጠኑ ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችን አዩ። ሴቶቹ የሚያጥቡት እናቶቻችን ሁሉ በሚያውቁት በእንዶድ ነበር። ከእነርሱ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ላይ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ይታያሉ። ያን ወንዝ ብዙ ሰው አይቶታል። እርሳቸው ግን በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው በዕቃ ውስጥ አደረጉና ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ከዚያ የዓመታት ምርምር ተከተለ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አገኙ። የመጀመሪያው ሙከራ የተሠራው ግን እዚያው ወንዝ ዳር፣ በአንዲት አጣቢ እጅ ነው። እኔ ለልጆቻችሁ የምመኘው ይህን ዓይነት ዓይን ነው፤ ወንዙን ሲያዩ «ለምን?» የሚል፣ ከዚያም ዕቃ ፈልጎ የሚሞክር።

በሚቀጥሉት ሳምንታት ልጆቻችሁ ከቤት ሎሚ፣ አመድ፣ ካርካዴ ወይም አንድ ኩባያ እርሾ ቢጠይቋችሁ አትደነቁ። የካርካዴ ውሃ ሎሚ ሲጨመርበት ደምቆ ይቀላል፤ የተጠለለ የአመድ ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ከውጭ የሚመጣው የአሲድና የቤዝ መለያ ወረቀት ሲያልቅብን ትምህርቱን የምናቋርጥበት ምክንያት የለም ማለት ነው። እርሾው ለሌላ ሙከራ ነው። የጤፍ ሊጥ በጠርሙስ ውስጥ ሲቦካ የሚወጣውን አየር በቀጭን ቱቦ ወደ ጠራ የኖራ ውሃ እንመራዋለን፤ ውሃው ቀስ በቀስ እንደ ወተት ይነጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ የእንጀራን ዓይን የሚያወጣውም እርሱ ነው። ሙከራውን ስናሳይ አንድ ተማሪ «ታዲያ እናቴ ኬሚስትሪ ታውቃለች ማለት ነው» አለ። አዎን፣ ታውቃለች። ሊጡ በብርድ ወራት ለምን እንደሚዘገይ፣ እርሾው ሲበዛ ምን እንደሚሆን ጠይቋት ብያቸዋለሁ። እባካችሁ መልሱላቸው፤ የምትነግሯቸውን በደብተራቸው ይጽፉታል።

አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ። በቤተ ሙከራችን ለዓመታት ያልተከፈቱ ሳጥኖች ነበሩ። ማይክሮስኮፖቹ እንደታሸጉ አቧራ ጠጥተዋል። ምክንያቱ የመምህራን ስንፍና አይደለም። ዕቃ ሲሰበር በስሙ የተረከበው ሰው ይጠየቅ ስለነበረ ሁሉም ቆልፎ ማስቀመጥን መረጠ። ያልተሰበረ፣ ነገር ግን ማንንም ያላስተማረ ማይክሮስኮፕ ምን ይጠቅመናል? ከእንግዲህ በሥራ ላይ ለተሰበረ ቢከር ወይም ቱቦ መምህርም ተማሪም ወላጅም አይከፍልም፤ ትምህርት ቤቱ በዓመቱ በጀት ይይዘዋል። በዚህ ላይ የወላጆች፣ መምህራንና ተማሪዎች ኅብረት ተስማምቷል።

ስለ ደኅንነት የምትሰጉት ተገቢ ነው። ያልተበረዘ አሲድ በተማሪ እጅ አይገባም፤ የቤተ ሙከራው ባለሙያ አስቀድሞ ይበርዘዋል፣ ሁልጊዜም አሲዱን ወደ ውሃ በመጨመር እንጂ ውሃን ወደ አሲድ በማፍሰስ አይደለም። ከእናንተ የምፈልገው በቤተ ሙከራ ቀን ልጃችሁ የተሸፈነ ጫማ እንዲያደርግ፣ ረጅም ፀጉር እንዲታሰር፣ ብርዱ ቢበረታም ጋቢና ነጠላ እሳት አጠገብ እንዳይለበስ ነው። ጋውንና የዓይን መከላከያ መነጽር ከእኛ ነው።

የሴት ልጆች ወላጆችን ደግሞ ለብቻ ላናግር። በየቡድኑ ስዞር ወንዶቹ ዕቃውን ይይዛሉ፣ ሴቶቹ ጽሕፈታችሁ ያምራል እየተባሉ ይመዘግባሉ። ይህ በአንድ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቀላል ይመስላል፤ በአራት ዓመት ግን አንዲት ልጅ ክብሪት ሳትጭር፣ ማይክሮስኮፕ ሳታስተካክል 12ኛ ክፍልን ትጨርሳለች። ስለዚህ የሥራ ድርሻ በየሳምንቱ እንዲዞር ታዟል። ልጃችሁ ማታ ስትመጣ «ምን ጻፍሽ?» ከማለት ይልቅ «ዛሬ በእጅሽ ምን ሠራሽ?» ብላችሁ ጠይቁልኝ። መልስ ካጣች ንገሩኝ።

ገንዘብ አልጠይቃችሁም። ባዶ የመስታወት ጠርሙሶች፣ ያረጁ የእጅ ባትሪዎች፣ የተበላሹ ሬዲዮኖች ካሏችሁ ግን እንፈልጋቸዋለን። በመካከላችሁ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ነርስ፣ ብየዳ የሚሠራ፣ ቆዳ የሚያለፋ፣ ንብ የሚያንብ ካለ አንድ ክፍለ ጊዜ መጥቶ ሥራውን ለልጆቹ ቢያሳይልን ደስታችን ነው።

ቅዳሜ የካቲት 7 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ቤተ ሙከራው ለወላጆች ክፍት ይሆናል። ልጆቹ ያስረዳሉ፤ ውሃውን የምታፈሉትና ቴርሞሜትሩን የምታነቡት ግን እናንተ ናችሁ። ያነበባችሁትን ቁጥር የምትጽፉበት ሠንጠረዥ በግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይጠብቃችኋል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር