ጀልባዋን ውሰዳት

ይድረስ ለወንድም ዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

መልእክትህን ያነበብኩት ለገጣፎ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። «ጀልባህ ጓሮዬ ውስጥ ሣር በቀለባት። ወይ አንሳት፣ ወይ ዓሣ ማጥመድ አስተምረኝ።» ሳቄም እፍረቴም አንድ ላይ መጣ። «ለሁለት ሳምንት ብቻ አስቀምጥልኝ» ብዬህ ከዳላስ የወጣሁት ሰውዬ ይኸው ሦስት ዓመት ሞላኝ። ስትደውል ስለ እሷ የምትጠይቀኝ እየመሰለኝ ስልኩን ዝም እለው ነበር። ቆይቶ ዝምታው ራሱ ሌላ ዕዳ ሆነ። አንተ ደግሞ አንድም ቀን አላነሳህብኝም። ይቅር በለኝ።

በቃ፣ ውሰዳት። የባለቤትነት ወረቀቱን ፈርሜ በሚመጣ ሰው እልክልሃለሁ። ቴክሳስ ውስጥ ሞተር ያላት ጀልባ ያለ ምዝገባ ውሃ ላይ አትወጣም፤ የእኔም ምዝገባ አልፎበታል። ስለዚህ መጀመሪያ በስምህ አዙራት። የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድም አውጣ። የተለመደው የዓመት ፈቃድ ኦገስት 31 ቀን ያበቃል። እኔ ሁሌ የማስታውሰው በእንቁጣጣሽ ነው፤ አደይ አበባ ትዝ ሲለኝ ፈቃዴ አልፏል ማለት ነው።

ወደ ማስተማሩ ልግባ። ከዕቃው በፊት ዓሣውን፣ ባስ የሚሉትን፣ እወቀው። ያኔ እኔ ዕቃውን አስቀድሜ ደመወዜን ጨርሻለሁ። «ባስ ባስ ስትል ባሰብህ» ትለኝ ነበር ሚስቴ።

ባለ ትልቅ አፉ ባስ ሯጭ አይደለም፣ አድፋጭ ነው። ድመት የአይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ እንደምትጠብቀው፣ እሱም ከወደቀ ግንድ ሥር፣ ከውሃ ሣር ዳር፣ ከጀልባ ማቆሚያው ጥላ ውስጥ ፀጥ ብሎ ይቆማል። የሚያልፈውን ነው የሚውጠው። ስለዚህ ሐይቁ መሃል ገብተህ ባዶ ውሃ ላይ አትወርውር። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት የጨረስኩት እንደዚያ ነው። ነፋስ ሲነሳም ሰው ሁሉ ወደ ጸጥተኛው ዳር ይሸሻል፤ አንተ ነፋሱ የሚገፋበት ዳር ሂድ። ነፋሱ ጥቃቅኑን ምግብ ወደዚያ ይነዳል፣ ትናንሾቹ ዓሦች ይከተሉታል፣ ባሱ እነሱን ይከተላል።

ውሃው ከ15 ዲግሪ ሲያልፍ፣ እዚያ የካቲትና መጋቢት ላይ፣ ወንዱ ጥልቀት ወደሌለው ዳር ወጥቶ በጭራው ጎጆ ይጠርጋል። ሴቷ ጥላበት ትሄዳለች። እንቁላሉንም ጫጩቶቹንም የሚጠብቀው አባትየው ነው። የእኛን ቆሮሶ አስበው፤ እዚህ እናቲቱ ናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ የምትዞረው። ጎጆ ላይ ያለ ባስ ስለሚቆጣ ፊቱ ያለፈውን ሁሉ ይነክሳል፣ ለመያዝም ይቀላል። ግን ከያዝከው ቶሎ እዚያው መልሰው። ደቂቃ ከዘገየህ ሌሎቹ እንቁላሉን ለቃቅመው ይጨርሱታል።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎህ ሳይቀድ ውጣ፣ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ። በቀትር ሙቀት ዓሣው ታች ቀዝቃዛው ውስጥ ነው ብለህ በጣም ጥልቅ አትጣል። የሞቀው ውሃ ከላይ፣ የቀዘቀዘው ከታች ሆነው ሳይቀላቀሉ ስለሚከርሙ የታችኛው ኦክስጅን ያልቅበታል። ዓሣ እዚያ አይኖርም። ይህን ነገር የገባኝ ቢሾፍቱ ነው ብልህ ታምናለህ? ባቦጋያ ላይ በኅዳርና በጥር መካከል ሌሊቱ ሲበርድ የላይኛው ውሃ ቀዝቅዞ ይሰምጣል፣ ያ አየር ያጣው የታችኛው ይወጣል። አንዳንድ ዓመት ጠዋት ስትመጣ ዓሣው ሞቶ ተንሳፍፎ ታገኘዋለህ።

አሁን ዕቃው። ጋራዥህ ውስጥ ያስቀመጥኩትን አረንጓዴ ሳጥን ስትከፍተው እንዳትደነግጥ። የላስቲክ ትሎቹ በሙቀቱ ቀልጠው እርስ በርስ ተጣብቀው ይሆናል፤ ጣላቸው። ክር መጠቅለያ በሆኑት በሪሎቹ ላይ ያለውን ክርም ሁሉ ቁረጠው። ሦስት ዓመት የተቀመጠ ናይለን ትልቁን ዓሣ ስትይዝ ነው የሚያሳፍርህ። ሁለት ዘንግ አለ። ሪሉ ከላይ የተቀመጠበትን ለጊዜው አትንካው። አውራ ጣትህ ክሩን መቆጣጠር ካልለመደ በመጀመሪያው ውርወራ ክሩ ይተበተባል፣ ግማሽ ቀንህን እሱን ስትፈታ ትውላለህ። ሪሉ ከታች በተንጠለጠለው ጀምር። እሱ ላይ 10 ፓውንድ የሚችል ክር ይበቃሃል። ፍሎሮካርቦን የሚሉት ይሰምጣል፣ ውሃ ውስጥም ብዙ አይታይም። ሣርና ግንድ የበዛበት ስትሄድ ግን የተጎነጎነውን አድርግ፤ እሱ አይለጠጥም፣ በቀላሉም አይበጠስም።

ከማጥመጃው አንድ ነገር ብቻ ልመድ፤ ቴክሳስ ሪግ። ክሩን መጀመሪያ ጥይት በሚመስለው እርሳስ ቀዳዳ አሳልፈው፣ ከዚያ ሰፊውን መንጠቆ እሰር። የመንጠቆውን ጫፍ በአዲስ የላስቲክ ትል ራስ አስገባና ግማሽ ጣት ያህል ወርዶ በጎን ይውጣ። ትሉን እስከ መንጠቆው አንገት ሳበው፣ መንጠቆውን አዙርና ጫፉን መልሰህ ትሉ ሆድ ውስጥ ቅበረው። ትሉ ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ከተጣመመ ሲመጣ ይሽከረከራል፣ ክርህንም ያጠማዝዘዋል። ጫፉ ስለተቀበረ ግንድ ላይ አይሰካም። ወርውረው፣ መሬት እስኪነካ ጠብቅ፣ ዘንጉን ቀስ አድርገህ አንሳ፣ መልሰህ አውርድ። ንክሻው ሁሌ ጉተታ አይደለም። አንዳንዴ ጣትህ ላይ «ጠቅ» ይልና ያልፋል። አንዳንዴ ክሩ ብቻውን ወደ ጎን ይሄዳል። ያኔ የላላውን ክር ሰብስብና በኃይል ሳብ።

ስትይዘው እጅህን አርጥብ፣ በአውራ ጣትህ የታችኛውን ከንፈሩን ያዝ። ትልቅ ከሆነ ሆዱን በሌላው እጅህ ደግፍ፤ በመንጋጋው ብቻ አታንጠልጥለው። ሌክ ፎርክ የሚባለው ሐይቅ ከሄድክ ሜትር አትርሳ። እዚያ ከ16 እስከ 24 ኢንች ያለው ባስ ወደ ውሃ ይመለሳል። የጥብስ ዓሣ ያማረህ እንደሆነ ትንንሾቹን ያዝ። የዓለም ክብረ ወሰኑ ደግሞ ከ10 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። አንዱ በ1932 እ.ኤ.አ. ጆርጂያ ውስጥ ተያዘ፣ ሌላው በ2009 ጃፓን፣ ቢዋ ሐይቅ ላይ። አሜሪካኖቹ ያቺን የጃፓኗን ሲያነሱ ፊታቸው ይኮሳተራል።

ጀልባዋ 14 ጫማ ናት፣ ወለሏ ጠፍጣፋ፣ አሉሚኒየም። ቆማ የከረመች ስለሆነ የተጎታቿን ጎማ በዓይን ብቻ አትመን፤ ጎማ ሳይሄድም ያረጃል። የጎማውን ኩሽኔታ ግሪስ ሳታስቀባ አውራ ጎዳና እንዳትወጣ። ፎርክ ላይ ሐይቁ ሲሞላ ብዙ ዛፍ ሳይመነጠር ስለቀረ ጉቶ ሞልቷል። ከጀልባ መንገዱ ስትወጣ በእግር የምትሄድ ያህል ቀስ በል። የሞተር ማጥፊያውን ገመድ ሰውነትህ ላይ እሰር። ልጆቹን የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሳታለብስ እንዳታሳፍር፣ ቢያለቅሱም።

እዚህ? እዚህ ባስ የለም። ከቤቴ ጀርባ ያለው ኮረብታ ላይ ስወጣ የለገዳዲ ግድብ ውሃ ይታየኛል፣ ግን የከተማው መጠጥ ነው፣ የሚጠመድበት አይደለም። እጄን ሲበላኝ ቆቃ እወርዳለሁ። አንድ ቀን ከሻንጣዬ የተረፈ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የላስቲክ ትል አውጥቼ ወረወርኩ። ቆሮሶው ዋናው ምግቡ አልጌ ነው፣ ዞር ብሎም አላየው። አጠገቤ ያለው አጥማጅ ትሉን በጣቱ ጫን ጫን አደረገና «ይሄን ልጅ ይጫወትበት» አለኝ። ከዚያ እውነተኛ ትል ከጣሳው አውጥቶ ሰጠኝና ከሰዓት በኋላ አንድ አምባዛ ያዝኩ። ወቅቱ ጾም ስለነበር ጎረቤቱ ሁሉ ቤቴ ታየ።

አንድ ነገር ቀረ። ጀልባዋን መጀመሪያ ውሃ ላይ ያወረድኩ ቀን የኋላዋን ማፍሰሻ ውታፍ ሳልከትት ነበር። ሞተሩን ሳስነሳ ካልሲዬ ቀዘቀዘኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የምሳ ዕቃዬ ተንሳፍፎ ወደ እኔ ይመጣል። ማውረጃው ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌ እየሳቁ ተጎታቹን መልሰው እንዳስገባ ረዱኝ። ከዚያ ወዲህ ውታፏን ከኮቴ ኪስ አውጥቻት አላውቅም። እና ጀልባዋ ውስጥ አትፈልጋት። ከኮቴ ጋር ቦሌ ድረስ መጥታለች፤ ይህን ስጽፍልህ ከቡና ስኒው አጠገብ ተቀምጣለች። የአንድ ኢንች ናት። እዚያ በጥቂት ዶላር ይሸጣል፤ ሁለት ግዛና አንዷን ከመኪናህ ቁልፍ ጋር እሰራት።

ወንድምህ፣
ከለገጣፎ