ስህተትን በጊዜው ስለ መናገር

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

በአለቃና በሠራተኛ መካከል ስላለው መከባበር ብዙ አውርተናል። እኔን ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ስህተት ሲፈጠር የሚሆነው ነው።

ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1996 ስለ ሆስፒታል ቡድኖች ጥናት አሳትመው ነበር። ጥሩ አመራር ባላቸው ቡድኖች ውስጥ የተመዘገበው የመድኃኒት ስህተት በዝቶ ተገኘ። ግራ ያጋባል አይደል? የእሳቸው ማብራሪያ ግን ግልጽ ነው፦ እነዚህ ሰዎች ስህተታቸውን ለመናገር አይፈሩም። ፍርሃት ባለበት ቦታ ስህተቱ ተደብቆ ይቀራል።

አለቃ የሆናችሁ፣ እባካችሁ ሰው ፊት አትቆጡ። ለብቻ ጠርታችሁ "ምን ተፈጠረ?" በሉ፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ስሙ። አንዱ ሲዋረድ ያዩ ሁሉ አፋቸውን ይዘጋሉ። እኔም አንድ ጊዜ በስብሰባ ላይ ተዘልፌ ለወራት ሐሳብ መስጠት አቁሜ ነበር። እስካሁን አልረሳሁትም።

ሠራተኞች ደግሞ፣ ነገሩ ሳይብስ ተናገሩ። "ሥራው ለነገ አይደርስም" የሚለውን ዛሬ ጠዋት መስማትና ነገ ማታ መስማት አንድ አይደለም። የምታረፍዱ ከሆነም ቀድማችሁ ደውሉ።

ለሚቀጥለው ስብሰባ የየራሳችሁን ገጠመኝ ይዛችሁ ኑ።