ቀጭ ሲል ነው የሚለቀመው፦ የሥነ ምግብና የጓሮ አትክልት ክበብ የ2017 ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን አንድ አትክልት ይዞ ዓመቱን ጨረሰ፤ ፎሶሊያ። መስከረም ላይ አባላቱን ሰብስቤ «ቤታችሁ ፎሶሊያ ስንት ደቂቃ ይበስላል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንዷ የ9ኛ ክፍል ልጅ «እማዬ ጥዳው ገበያ ደርሳ ትመለሳለች» አለች። ዓመቱን ሙሉ የሠራነው ከዚህች መልስ ተነሣ።

ጥቅምት ላይ ከላብራቶሪው ጀርባ ያለችውን መሬት ቆፍረን ዘራን። ፎሶሊያ ብርድ አይወድም፣ ውርጭ ከነካው አለቀለት። ደሴ ላይ ቢሆን በዚያ ወቅት ልፋት ነበር፤ እኛ ግን ከሐረጎ ቁልቁለት በታች ነንና የኮምቦልቻ ሙቀት አገዘን። የመጀመሪያውን ቡቃያ ፍየል ገብታ ጨረሰችው። በእሾህ አጥረን እንደገና ዘራን፣ በ2 ወር ገደማም ለቀማ ጀመርን።

ልጆቹ መጀመሪያ ላይ «ይወፍር» እያሉ ይተዉት ነበር። ይሄ ስህተት ነው። ውስጡ ያለው ፍሬ ማበጥ ከጀመረ ቆዳው ይጠነክራል፣ ተክሉም ጉልበቱን ወደ ዘሩ ስለሚያዞር ማበቡን ይቀንሳል፤ በየ2 እና 3 ቀኑ ከተለቀመ ግን ለሳምንታት ይሰጣል። መለኪያችን ጆሯችን ነበር። ሲሰበር ቀጭ ካለ ደርሷል፤ ዝም ብሎ ከታጠፈ ጠውልጓል።

ጥቅሙስ? 100 ግራም ጥሬ ፎሶሊያ 90 ከመቶው ውሃ ነው። 31 ካሎሪ ገደማ፣ ወደ 2 ግራም ፕሮቲን፣ 3 ግራም የሚጠጋ ፋይበርና 12 ሚሊ ግራም አካባቢ ቫይታሚን ሲ አለው፣ ፎሌት የሚባለው ቫይታሚንና ቫይታሚን ኬም አሉበት። የምስርን ቦታ አይተካም፣ ፕሮቲኑ ትንሽ ነው፤ ከምስሩ ጎን ሲቀመጥ ግን ማዕዱ ይሟላል።

እኔን በጣም ያስደሰተኝ የ2 ድስቶቹ ሙከራ ነው። እኩል መዝነን፣ አጥበን (ከመቁረጡ በፊት ነው የሚታጠበው፣ በኋላ ከሆነ ቫይታሚኑ በውሃው ይሄዳል) አንዱን ክዳን ሳንገጥም 9 ደቂቃ፣ ሌላውን ከድነን 40 ደቂቃ ቀቀልን። የመጀመሪያው አረንጓዴነቱ ደምቆ ወጣ። ሁለተኛው የደረቀ ቅጠል መሰለ፣ ውሃው ደግሞ ቀለም ያዘ። አትክልቱ ውስጥ ያለው አሲድ በክዳኑ ታፍኖ ነው ቀለሙን የሚቀይረው፤ ቫይታሚን ሲም ሙቀትና ውሃ አይችልም። ውሃው ከተረፈ ለሾርባ ይሁን እንጂ አይደፋ።

አንዲት እናት ሊያዩ መጥተው ቀመሱና «መምህር፣ ይሄ እኮ ጥሬ ነው!» አሉኝ። «አብሽሩ፣ በስሏል» አልኳቸው። ስጋታቸው ግን ትክክል ነው። ጥሬው ሆድ የሚያውክ ነገር አለው፣ የሚጠፋውም በደንብ ሲፈላ ነው። ኮምቦልቻ ከፍታዋ ወደ 1,850 ሜትር ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ደሴ ደግሞ ወደ 92፤ ስለዚህ የውጭ አገር ማብሰያ መጽሐፍ 5 ደቂቃ ካለ እኛ ጋ ጥቂት ደቂቃ ይጨመራል። ይህን የፊዚክስ ትምህርት ልጆቹ በድስት ስለተማሩት አይረሱትም።

የካቲት ላይ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተከታትለው ገቡ። ቀን ላይ ቅምሻ ማዘጋጀት ስላልሆነ ለቀማውን ለየቤቱ አካፈልነው። በማግስቱ አንዱ ለኢፍጣር ሾርባ ውስጥ እንደገባ፣ ሌላዋ ከካሮትና ከሽንኩርት ጋር ቁሌቱ ላይ መጨረሻ ተጨምሮ ለጾም እንደቀረበ አወሩልን። ያቺ የ9ኛ ክፍል ልጅም እናቷ ሰዓት ማየት መጀመራቸውን ነገረችኝ።

አንዱን መደብ ሳንለቅም ተውነው። ሲደርቅ ተፈለፈለ፤ ልጆቹ «ቦሎቄ ነው እንዴ?» አሉ። አዎ፣ ፎሶሊያና ቦሎቄ አንድ ተክል ናቸው፣ እንደ ዝርያው ይለያይ እንጂ አንዱ በለጋነቱ ሌላው ደርቆ ነው የሚበላው። ዘሩ አሁን ላብራቶሪው ቁም ሳጥን ውስጥ በ1 ጠርሙስ ተቀምጧል። መስከረም ላይ መመዝገብ የምትፈልጉ ኑ፣ መጀመሪያ የምንሠራው አጥሩን ነው።