ግልጽ ደብዳቤ ለእስራኤል የፍትሕ ሚኒስትር፦ የልጆቻችን የፖሊስ ፋይል ተዘጋ ከተባለ ይዘጋ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበሩ ሚኒስትር።

እኛ ትውልደ ኢትዮጵያ እስራኤላውያን ቤት ወንድ ልጅ 13 ዓመት ሲሞላው ከባር ሚጽዋው (ከአይሁድ የጉልምስና ሥርዓቱ) ጎን ሌላ ትምህርት አለው። ማታ ስትወጣ ኮፍያህን አታጥልቅ። እጅህን ኪስህ ውስጥ አትክተት። ፖሊስ ካስቆመህ አትሩጥ፣ አፍ አትመልስ። 16 ሲሞላው መታወቂያ ይጨመራል። ቆሻሻ ሊጥል ሲወጣ እንኳ «ቴኡዳህን (መታወቂያህን) ይዘሃል?» እንለዋለን። የጎረቤታችንን ልጅ እናቱ የምትጠይቀው ጃኬት መያዙን ነው።

ይህን ከሜዳ አላመጣነውም። እ.ኤ.አ. በ2015 ሆሎን ከተማ ውስጥ ትውልደ ኢትዮጵያዊው ወታደር ደማስ ፓካዳ የወታደር ልብሱን እንደለበሰ በፖሊስ ሲደበደብ ካሜራ ቀረጸው። አገር ጉድ አለ። የደበደበው ፖሊስ ግን አልተከሰሰም። በ2019 ሃይፋ አጠገብ ኪርያት ሃይም ላይ ትውልደ ኢትዮጵያዊውን ወጣት ሰሎሞን ተካን ከሥራ ሰዓት ውጭ የነበረ ፖሊስ በጥይት ገደለው። ያን ሰሞን በተነሣው ተቃውሞ ጎማ ሲቃጠልና መንገድ ሲዘጋ ያዩ ሕፃናት አሁን ለውትድርና እየደረሱ ነው።

በ2016 የፖሊስ አዛዡ ሮኒ አልሼክ ፖሊስ የኢትዮጵያ ተወላጅ ወጣቶችን አብልጦ ቢጠረጥር የተለመደ ነገር ነው የሚል ንግግር አደረጉ። ተቆጣን፤ ግን ቢያንስ አልሸነገሉንም።

የዱላው ሕመም ይሽራል። እኔን የሚያንገበግበኝ ፋይሉ ነው። ልጁ ቤቱ ደጃፍ ላይ «መታወቂያ!» ይባላል። «ምን አጠፋሁ?» ይላል። ድምፁ ትንሽ ከፍ ካለ የፖሊስን ሥራ አደናቀፈ ይባልና ፋይል ይከፈትበታል። በኋላ ማስረጃ የለም ተብሎ ይዘጋል። እናቱም ተገላገልን ብላ እልል ትላለች። ምን ዋጋ አለው፤ ማስረጃ በመጥፋቱ የተዘጋ ፋይል ከፖሊስ መዝገብ ወዲያው አይጠፋም። ሠራዊቱ ሲጠራው ቀድሞት እዚያ ይጠብቀዋል። ልጁ ፍርድ ቤት ሳይቆም ተፈርዶበት ያድጋል። እኩዮቹ የትኛው ክፍል እንመደብ ብለው ሲያልሙ፣ እሱ ይቀበሉኝ ይሆን እያለ ይብሰለሰላል።

አጥኑልን አንልም፤ ተጠንቷል። የመሥሪያ ቤትዎ ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ኤሚ ፓልሞር የመሩት፣ በኢትዮጵያ ተወላጆች ላይ ያለውን ዘረኝነት ለማጥፋት የተቋቋመ ኮሚቴ በ2016 53 ምክረ ሐሳቦች አቅርቦ፣ መንግሥትም ተቀብሎታል።

የምንጠይቀው ይህን ነው። ለአካለ መጠን ባልደረሰ ልጅ ላይ በእንዲህ ያለ የመንገድ ላይ ጭቅጭቅ የተከፈተና ክስ ያልተመሠረተበት ፋይል በራሱ ይሰረዝ። ወላጅ ጠበቃ ቀጥሮ፣ ማመልከቻ ይዞ ደጅ አይጥና። ልጅ ያስቆመ ፖሊስም ለምን እንዳስቆመው በጽሑፍ ይስጥ። ከ53ቱ የትኞቹ እንደተፈጸሙ፣ የትኞቹ መሳቢያ ውስጥ እንደቀሩም በግልጽ ይነገረን። መልሱ በዕብራይስጥም በአማርኛም ይውጣ፤ የልጅ ልጆቻቸው ማታ እስኪገቡ እንቅልፍ የማይወስዳቸው አያቶች ዕብራይስጥ አያነቡም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት እናት