«ልጆቹስ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁ ሁሉ የምስጋና መልእክት

ከሁሉ አስቀድሞ ልዑል እግዚአብሔር ይመስገን። በመጠጥና በአእምሮ ሕመም ሲሠቃይ የቆየው ባለቤቴ አዲስ አበባ ከሚገኘው ከአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ወጥቶ፣ ክትትሉን እዚሁ ደብረ ብርሃን እያደረገ ወደ ሥራው ተመልሷል። ይህን መልእክት የማወጣውም እሱ አንብቦት ከፈቀደልኝ በኋላ ነው። በቤታችን የሆነውን የቅርቡ ሰው በዓይኑ አይቶታል፣ የሩቁም ሰምቷል፤ እንደገና አልተርከውም።

ምስጋናዬን በወግ በተራው ላደርስ አስቤ ነበር፤ ሐኪሞቹን አስቀድሜ፣ ቤተ ዘመዱን አስከትዬ፣ እድሩን ጨምሬ። ወረቀቱን ይዤ ስቀመጥ ግን ልቤ ወደ አንድ ቤት ሄደብኝ። ሌሎቻችሁ ይቅር በሉኝ፣ ከዚያ ልጀምር።

እትዬ፣ ስምዎን እንዳልጽፍ አደራ ብለውኛልና አልጽፍም። የሰፈሩ ሰው ግን ሳልነግረው ያውቅዎታል። ጌሾ ወቅጠው፣ ብቅል አብቅለው፣ አረቄ አውጥተው ልጆችዎን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ እናት ነዎት። እንጀራዎ አረቄ ሆኖ ሳለ ለባለቤቴ መሸጥ ከሁሉ ቀድመው ያቆሙት እርስዎ ነዎት። በዚያም አልበቃዎትም። በመስመሩ ያሉትን አረቄ ቤቶች አንድ በአንድ ዞረው «ለዚህ ሰው አትቅዱለት፣ ሦስት ልጆች አሉት» ብለው ለመኑልኝ። «ገበያችንን ልትዘጋ ነው» ብለው ያኮረፉዎት እንደነበሩም ደርሶኛል። ለእኔ አንድም ቀን አልነገሩኝም።

ትልቁ ልጄ ጠርሙስ ተሰጥቶት አረቄ ግዛ ተብሎ የተላከ ዕለት ያደረጉትን እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ መሸጥን ይከለክላል፤ እርስዎ ግን ከአዋጁም በፊት ለልጅ እጅ አረቄ ሰጥተው እንደማያውቁ ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል። ሌላ ሰው ቢሆን «ሂድ ወደ ቤትህ» ብሎ ይመልሰው ነበር። እርስዎ ባዶ ጠርሙስ ይዞ የተመለሰ ልጅ ምን እንደሚጠብቀው ገባዎት። ልጁን አስገብተው አበሉት፣ ነጠላዎን ደርበው ራስዎ ይዘውት መጡ፣ በሩ ላይ ቆመውም «እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ቁጣ ካለህ ለእኔ ይሁን» አሉ። ልጄ ያን ቀን ሲናገሩ የሰማውን ቃል አሁንም በቃሉ ይለዋል።

ሌሊቶቹስ? ድምፅ ከፍ ማለት ሲጀምር ልጆቼ ወዴት እንደሚሄዱ ያውቁ ነበር። በርዎን ሳይቆልፉ ያድሩላቸው ነበር። ትንሹ ልጄ አስም እንዳለበት ስለሚያውቁ ከምድጃው ጭስ ርቆ ያለውን ክፍል ለቀውላቸው፣ ራስዎ መደብ ላይ ይተኙ ነበር። በአፍ የሚነፋውን መድኃኒት እንዴት እንደሚሰጥ ከጤና ጣቢያ ድረስ ሄደው ተማሩ። ያ ልጅ ሽንቱን መቆጣጠር ከቻለ ዓመታት ካለፉ በኋላ እንደገና በእንቅልፉ ያመልጠው ጀምሮ ነበር። በደብረ ብርሃን ብርድ የታጠበ አንሶላ በአንድ ሌሊት አይደርቅም፤ እርስዎ ግን ከንጋት በፊት አጥበው፣ አረቄ በሚያወጡበት ምድጃ ዳር አድርቀው፣ ሌሎቹ ሳይነቁ መልሰው ያነጥፉለት ነበር። ወንድሙም እህቱም ምንም አላወቁም፤ እሱም ያፈረበት ቀን የለም። ይህን እኔ ራሴ የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ከሴት ልጅዎ ነው። እዚህ ስደርስ ብዕሬን ደጋግሜ አስቀምጫለሁ፤ እንባዬ አላስጽፍ እያለኝ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፣ የልጅ ልጅ ያሳይዎት፣ ከማለት በቀር በምን ልክፈልዎት?

ሲስተር፣ እርስዎንም እንዲሁ በአንድ ቃል ማለፍ አልችልም። ሴት ልጄ ጠዋት ጠዋት ሆዴን ትላለች። ሰገራዋ ተመርምሯል፣ ደሟ ተመርምሯል፤ የጃርዲያም የታይፎይድም መድኃኒት ወስዳለች። ይሻላታል ስንል ይመለስባት ነበር። እርስዎ ካርዷን አገላብጠው ካዩ በኋላ ልጅቷን ውጭ አስቀምጠው «እናቴ፣ ሌሊት እንዴት ነው የምታድረው? ቤት ውስጥ የሚጠጣ ወይም የታመመ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ባለቤቴ የጠየቀኝ ብዙ ነው። የልጄን ሆድ ከአባቷ ሕመም ጋር አገናኝቶ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ያስረዱኝን ሌላ እናት እንድታነበው እዚህ ላይ ላስፍረው። ልጅ ኮቴ እያዳመጠ ሲያድር ሰውነቱ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫል። ለአንድ ቀን ድንጋጤ ይጠቅማሉ፤ በየሌሊቱ ሲሆን ግን እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትን፣ አንጀትን፣ በሽታን የመከላከል አቅምንም ያውካሉ። የልጅቷ ሕመም እውነተኛ ሕመም ነው፣ ውሸታም አትበሏት አሉኝ። የትንሹ አስም ጠብ በተነሣ ሌሊት የሚብሰው ድንጋጤና ጭንቀት ራሳቸው አስም ስለሚቀሰቅሱ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚጨሰው ሲጋራ ደግሞ ይጨምርበታል። ትልቁ ልጄ ራሱን የሚያመውም እንደ አባት ሆኖ ቤቱን ለመጠበቅ ሲል ስለማይተኛ ነው አሉኝ። ሦስቱም ልጆቼ ታመው ነበር፤ ጎረቤት የሚያየው ግን አንድ በሽተኛ ብቻ ነበር።

በአእምሮ ሕክምና ክፍሉ ለሚሠሩት ባለሙያ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ዘመድ አዝማዱ «ክፍል ውስጥ ቆልፋችሁ አስተዉት» እያለ ሲመክረን እርሳቸው አስቆሙን። ለዓመታት ብዙ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊጥለው፣ በቅዠት ሊናወጥ፣ ሊሞትም እንደሚችል፣ ስለዚህ በሐኪም ክትትል፣ በመድኃኒትና በቪታሚን ቢ1 እየተረዳ ማቆም እንዳለበት ነገሩን። በዚያ ምክር ነው ዛሬ ባለቤቴ በሕይወት ያለው ብል አላጋነንኩም። ስሜትን አንዴ ከልክ በላይ ከፍ አንዴ ዝቅ የሚያደርገውን፣ ባይፖላር የሚባለውን ሕመሙንና መጠጡን ሁለቱንም አብሮ ማከም እንደሚያስፈልግም ከእርሳቸው ነው የሰማነው።

ከሁሉ የበለጠው ግን ልጆቹን ለብቻ አስቀምጠው ማናገራቸው ነው። የአባታቸውን ሕመም በስሙ ነገሯቸው። እናንተ አላመጣችሁትም፣ እናንተም ልታድኑት አይጠበቅባችሁም አሏቸው። ትልቁ «እኔም እንደ አባቴ እሆናለሁ?» ብሎ ሲጠይቃቸው አልዋሹትም። በቤተሰብ ሕመሙ ካለ አደጋው ከሌላው ሰው ከፍ እንደሚል፣ ሆኖም ከእንዲህ ያለ ቤት የሚወጡ አብዛኞቹ ልጆች በዚህ ሕመም እንደማይያዙ፣ ከመጠጥ መራቅም እንደሚጠቅመው አስረዱት። ልጄ ያን ሌሊት ተኛ።

ለእኔም ፌሊቲና አንዳ የተባሉ ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር በካሊፎርኒያ አካሂደው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ስላሳተሙት ጥናት አጫወቱኝ። ከ9,000 በላይ ጎልማሶች ስለ ልጅነታቸው ተጠይቀው ነበር፤ በቤታችሁ ጠጪ ነበረ? የአእምሮ ሕመምተኛ ነበረ? እናታችሁ ትመታ ነበር? እየተባሉ። እንዲህ ያለው መከራ የተደራረበባቸው ሰዎች ካደጉ በኋላ ለልብና ለሳንባ በሽታ፣ ለድብርት፣ ለመጠጥም ይበልጥ ተጋልጠው ተገኙ። ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ። እርሳቸው ግን ንግግራቸውን አልጨረሱም ነበር። ይህ በእያንዳንዱ ልጅ ላይ የተጻፈ ፍርድ እንዳልሆነ፣ አንድ የማይለዋወጥ፣ የሚያምኑት ትልቅ ሰው ከጎናቸው ካለ የልጆቹ ነገር ብዙ እንደሚለይ ነገሩኝና «እንዲህ ያለ ሰው አላቸው ወይ?» አሉኝ።

አላቸው አልኩ። እትዬ፣ ያን ጊዜ የጠራሁት የእርስዎን ስም ነው።

የንስሐ አባታችንን «ጸበሉንም ተጠመቅ፣ መድኃኒትህንም አታቋርጥ» ስላሉት፣ የሴት ልጄን መምህርት ልጅቷ ክፍል ውስጥ ስታንቀላፋ በመቆጣት ፈንታ ወደ እኔ መልእክት ስለላኩ፣ አመሰግናለሁ። የአማኑኤል ሆስፒታል ሠራተኞች፣ የእድራችን አባላት፣ የማኅበር እህቶቼ፣ የባለቤቴ የሥራ ባልደረቦች፣ ከጅዳና ከአሜሪካ ገንዘብ የላካችሁልን ወንድሞችና እህቶች፣ ውለታችሁን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ።

ስማችሁን ወይም ሥራችሁን ያላነሣሁት እንዳትቀየሙኝ። በዚያ ጭንቅ ማን መጥቶ ማን እንደሄደ ያላስተዋልኩበት ቀን ብዙ ነው። ደጃፌ ላይ ድንች በማዳበሪያ አስቀምጦ የሄደውን ሰው እስከ ዛሬ አላወቅኩትም። የማንንም ስም ያልጻፍኩት ደግሞ ልጆቼ ነገ ትምህርት ቤት «የእነ እገሌ ልጆች» እንዳይባሉ ነው፤ ይህን እንደምትረዱልኝ አምናለሁ።

አንድ ነገር ልለምንና ላብቃ። ለፋሲካ ቤታችን ለሁላችሁም ክፍት ነው። እንደ ወጉ ጠርሙስ ይዛችሁ እንዳትመጡብን፤ ጠላም አልጠመቅንም። ቡናው፣ ዳቦው፣ ዶሮው አለ። ልጆቹ እንግዳ መቀበል ከናፈቃቸው ቆይቷል፤ ትንሹ ማን የት እንደሚቀመጥ ከአሁኑ እየደለደለ ነው፤ እትዬ፣ የእርስዎ ቦታ ከእሱ ጎን ነው።

አክባሪያችሁ፣ የሦስት ልጆች እናት
ከነቤተሰቧ፣ ደብረ ብርሃን